አቀማመጥ ሃይማኖት አለውን?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ሙስሊም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ የሁለት እግሮቹን ውስጥ እግር እርስ በርስ ገጥሞ፣ ጉልበቶቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ምን ይባላል? ማንም ምንም አይለውም። «እግሩን እያፍታታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህንኑ አቀማመጥ «ዮጋ ነው» ያሉት ዕለት ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱ «ሐራም ነው» ይላል፤ ሌላው «ከዚያም አልፎ ሺርክ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እናንተ የማትከለክሉት ነገር ምን አለ?» ብሎ ይሳለቃል። ሦስቱም ከመፍረዳቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ ነበር። ለመሆኑ አንድን የአካል እንቅስቃሴ አምልኮ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቅርጹ ነውን? ስሙ ነውን? የመጣበት አገር ነውን? ወይስ የአድራጊው ኒያ?

ጥያቄው ለእኔ የወሬ ማሟሻ አይደለም። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል፤ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩትም ወንበር ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለተሸሁድ ስቀመጥ ዳሌዬ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልንቀሳቀስ ይለኝ ጀመር። በአምስቱ ፈርድ ሶላቶች ውስጥ በቀን ዘጠኝ ጊዜ ለተሸሁድ እንቀመጣለን፣ ሠላሳ አራት ጊዜም ሱጁድ እንወርዳለን። ዘጠኙም ጊዜ ሐሳቤ ከማነበው ዱዓ ይልቅ ከሕመሙ ጋር ሆነ። የአካል ሕክምና ባለሙያዋ አንዳንድ እንቅስቃሴዎችን ሰጠችኝ፤ ከመካከላቸው አንዱ ይኸው ውስጥ እግርን ገጥሞ መቀመጥ ነው። ይህን ለአንድ የመስጊድ ወንድሜ ሳጫውተው ፊቱ ተለዋወጠ። «ሶላትህን አሳምራለሁ ብለህ ዐቂዳህን አታበላሽ» አለኝ። ቃሉ ከብዶኛል። ከቅን ልብ የወጣ መሆኑን ስለማውቅ በዋዛ ላልፈው አልፈለግኩም። እናም የእሱን ክርክር፣ እሱ ራሱ ሊያቀርበው ከሚችለው በላይ ጠንካራ አድርጌ ለማየት ሞከርኩ።

በመጀመሪያ ስለ አቀማመጡ። በሕንዶች የሳንስክሪት ቋንቋ «በድሃ ኮናሰና» ይባላል። «በድሃ» የታሰረ፣ «ኮና» ማዕዘን፣ «አሰና» ደግሞ አቀማመጥ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ «የጫማ ሰፊ አቀማመጥ» የሚል ስም አለው። እ.ኤ.አ በ1966 ዝነኛውን የዮጋ መጽሐፍ ያሳተሙት ሕንዳዊው አስተማሪ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር የሕንድ ጫማ ሰፊዎች በዚህ ዓይነት እንደሚቀመጡ ጽፈዋል። (የእኛ ሰፈር ጫማ ሰፊ እንኳ በርጩማውን አይለቅም።) የሕፃናት ስፖርት አስተማሪዎች ደግሞ «ቢራቢሮ» ይሉታል።

ሥራውም ድብቅ አይደለም። የዳሌ መገጣጠሚያ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ የሚሽከረከርበት ነው። ወንበር ላይ የዋለ ሰው ጭኑ ወደ ፊት ታጥፎ ይውላል፣ ወደ ውጭ የሚዞርበት ጊዜ ግን የለውም፤ ከብሽሽት ወደ ጉልበት የሚወርዱት የውስጥ ጭን ጡንቻዎችም መለጠጥን ይረሳሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ በመጨረሻው ተሸሁድ የምንቀመጠው ተወሩክ የሚባለውን አቀማመጥ ነው። ያን ጊዜ የግራ እግር በቀኝ ቅልጥም ሥር አልፎ ይወጣል፣ የግራውም ዳሌ ወደ ውጭ መዞር ይኖርበታል። እንግዲህ እኔን ያስቸገረኝ ይኸው መዞር ነበር። ውስጥ እግርን ገጥሞ መቀመጥ የሚያላምደውም ይህንኑ ነው። ጉልበትን በእጅ ወደ መሬት መጫን ግን አይገባም፤ የአጥንቱ ጉድጓድ ጥልቀት ከሰው ሰው ይለያያል፣ የአንዱ ጉልበት መሬት ሲነካ የሌላው ዕድሜውን ሙሉ ላይነካ ይችላል። ዳሌው በቀዶ ሕክምና የተለወጠለት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው።

ወደ ወንድሜ ክርክር ልመለስ። «ዮጋ ስፖርት ብቻ ነው» የሚሉ ወገኖች እውነቱን አሳጥረውታል። ፓታንጃሊ ለተባለው ሰው በሚሰጠው ጥንታዊ ድርሳን ውስጥ አቀማመጥ ከስምንት እርከኖች አንዱ ነው፤ የእርከኖቹም መድረሻ የጡንቻ መፍታታት ሳይሆን የነፍስ መላቀቅ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው «ሐተ ዮጋ ፕራዲፒካ» ውስጥ ከዚህኛው ጋር የሚቀራረብ፣ ተረከዞችን ከብሽሽት በታች አግጥሞ እግርን በእጅ መያዝ የሚጠይቅ አቀማመጥ ተገልጿል፤ እዚያ የተቀመጠውም ዳሌው የታመመ ጸሐፊ ሳይሆን በእነሱ እምነት መንፈሳዊ ኃይል የሚሻ ባሕታዊ ነው። ይህን መካድ አይቻልም፤ መካድም አያስፈልግም።

ሙስሊሞችም ይህን ያወቁት ዛሬ አይደለም። ታላቁ ሊቅ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የፓታንጃሊን ትምህርት ወደ ዐረብኛ መልሶታል። ስለ ሕንድ በጻፈው ሰፊ መጽሐፉም የሕንዶቹን እምነት ሳያጣምምና ሳይሳደብ፣ እነሱ እንደሚሉት አድርጎ አቅርቧል። አንድን ነገር ከመፍረድ በፊት ማወቅ ማለት እንዲህ ነው። ለሃይማኖታችን የምንቆረቆር ሁሉ የአል-ቢሩኒ ትዕግሥት ሩቡ እንኳ ቢኖረን ስንት ጭቅጭቅ በቀረልን!

በሌላ በኩል ዛሬ በየጂምናዚየሙ የሚሠራው ዮጋ ከባሕታውያኑ ዋሻ በቀጥታ የመጣ አይደለም። በ1930ዎቹ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምር የነበረው ክሪሽናማቻርያና ተማሪዎቹ አየንጋርን ጨምሮ ለዓለም ያሰራጩት ነው። ማርክ ሲንግልተን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚህ ዘመናዊ ዮጋ ውስጥ የአውሮፓ ጂምናስቲክና የወታደር ማሠልጠኛ ብዙ ድርሻ እንዳለው ተከራክሯል። እንግዲህ «መነሻው የጣዖት አምልኮ ነው» የሚለው ክርክር አንድ መነሻ ፍለጋ ሲሄድ ሁለትና ሦስት መነሻ ያገኛል። ጫማ ሰፊውንም ጨምሩበት፤ እሱ እንዲህ የተቀመጠው ቆዳውን በእግሩ ለመያዝ ነው።

መነሻ ብቻውን ፈራጅ እንደማይሆን ደግሞ ከሲራችን እናውቃለን። በአምስተኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ስትከበብ ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ያመጡት የቦይ ቁፋሮ ዘዴ የፋርሶች ነበር፤ ፋርሶች በዚያን ጊዜ እሳት አምላኪዎች ናቸው ተብሎ ቦዩ አልቀረም። ነገሥታት ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ሲነገራቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የማኅተም ቀለበት አሠርተዋል።

«እንግዲያው ሁሉም በኒያ ነው፣ ልብህ ንጹሕ ከሆነ የፈለግከውን አድርግ» ለማለት የሚቸኩል ካለ ግን ጥቂት ይታገሥ። የኒያ ሐዲስ በኢማም አል-ቡኻሪ ስብስብ የመጀመሪያው ሐዲስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ያው ሸሪዓ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት ቅጽበት ሱና ሶላት መስገድን ከልክሎናል። ለምን? በዚያ ሰዓት ለፀሐይ የሚሰግዱ ስላሉ ነው። እስቲ አስቡት! ሰጋጁ ሙስሊም ነው፤ ሱጁዱ ለአላህ (ሱ.ወ.) ነው፤ ኒያው እንከን የለውም፤ ቢሆንም ሰዓቱ ብቻ ከሌሎች አምልኮ ጋር ስለገጠመ «ቆይ» ተባለ። ስለዚህ ቅርጽ ባዶ ዕቃ አይደለም። ሕዝብን ስለ መመሳሰል የመጣው ማስጠንቀቂያም ለጌጥ አልተነገረም።

በዚያው ልክ ቅርጽ በራሱ አምልኮ እንዳልሆነም ቁርኣን ያስተምረናል። መላእክት ለአደም (ዐ.ሰ.) ሱጁድ አደረጉ፤ የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ወላጆችና ወንድሞችም ለእሱ ሱጁድ ወረዱ። ሱጁድን የሚያህል የመዋረድ ቅርጽ የለም፤ ነገር ግን ሙፈሲሮች ያ ሱጁድ የአክብሮት እንጂ የአምልኮ እንዳልነበረ ያስረዳሉ። በእኛ ሸሪዓ ግን ያ በር ተዘጋ፤ ከአላህ ሌላ ለማንም፣ ለአክብሮትም ቢሆን፣ ሱጁድ የለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ የያዘ ሰው ይመስለኛል ጥያቄያችንን መመዘን የሚችለው። አንድን ቅርጽ አምልኮ የሚያደርገው ወደ አንድ አካል መዞሩ ነው፤ ወደ ሌላ አካል መዞሪያ ሆኖ የታወቀ ቅርጽ ደግሞ በንጹሕ ልብም ቢሆን አይደፈርም።

በዚህ ሚዛን ውስጥ እግርን ገጥሞ መቀመጥ ወዴት ይውላል? እኔ እንደማየው ይህ አቀማመጥ ለማንም የሚቀርብ አይደለም። የሚሰገድለት የለም፣ እጅ የሚነሳለት የለም። ጫማ ሰፊም፣ እናቱ ፊት የሚጫወት ሕፃንም፣ ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ሰውነቱን የሚያሟሙቅ አትሌትም እንዲሁ ይቀመጣል። «የፀሐይ ሰላምታ» የሚባለው ተከታታይ እንቅስቃሴ ግን ሌላ ነው። በ1920ዎቹ የአውንድ ግዛት ራጃ ለጤና ብሎ ያስፋፋው እንኳ ቢሆን ስሙ ራሱ ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ የፀሐይን ስሞች እየጠሩ የሚሠሩትም አሉ። ፀሐይ ስትወጣ ለአላህ እንኳ እንዳልሰግድ የተከለከልኩ ሰው ፀሐይን በስሟ «ሰላም» የሚል እንቅስቃሴ ጠዋት ጠዋት ብሠራ ምን እላለሁ? ሁለቱ አንድ ላይ «ዮጋ» ስለተባሉ ብቻ አንድ ፍርድ አይሰጣቸውም።

የዓለም ሙስሊሞች ልምድም ወደዚሁ ያመለክታል። እ.ኤ.አ በኅዳር 2008 የማሌዢያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እንቅስቃሴን፣ አምልኮንና ማንትራን ያቀላቀለ ዮጋ ለሙስሊም እንደማይገባ አሳወቀ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላህ በዳዊ ማንትራው የሌለበት አካላዊ እንቅስቃሴ ይቀጥላል ብለው ሕዝቡን አረጋጉ። በጥር 2009 የኢንዶኔዢያ ዑለማ ምክር ቤት የሂንዱ ሥርዓትና ማንትራ ያለበትን ከለከለ፣ ስፖርት ብቻ የሆነውን ግን ፈቀደ። ሳውዲ ዐረቢያ በ2017 ዮጋን ከስፖርት ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባች። ሕንድ ውስጥ ደግሞ፣ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የተመሠረተው የዮጋ ቀን በሰኔ 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከበር፣ የሙስሊም ድርጅቶች ስለተቃወሙ «የፀሐይ ሰላምታ» ከበዓሉ መርሐ ግብር እንዲወጣ ተደርጓል። የሕንድ ሙስሊሞች ጎረቤታቸው የሚያመልከውን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ብዙዎቹ የተቆጡትም መሬት ላይ ለመቀመጡ ሳይሆን ለፀሐይ ሰላምታውና ለማንትራው ነበር።

ጭንቀቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ፣ ኤንሲኒታስ በተባለች ከተማ፣ ክርስቲያን ወላጆች «ልጆቻችንን ሌላ ሃይማኖት እያስተማራችሁብን ነው» ብለው ትምህርት ቤቶችን ከስሰው ነበር። ትምህርት ቤቶቹ የሎተስ አቀማመጥ የሚባለውን በሕፃናት የጨዋታ ስም ለውጠውታል፤ ፍርድ ቤቱም በ2013፣ ይግባኝ ሰሚውም በ2015 የሚሰጠው ትምህርት ሃይማኖታዊ አይደለም ብለው ወሰኑ። ስሙን መለወጣቸው ግን እኔን አያሳምነኝም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስካሪ መጠጥን ሌላ ስም እያወጡለት ስለሚጠጡ ሰዎች አስጠንቅቀውናል። ሐራም ስሙ ቢለወጥ ሐላል አይሆንም፤ ሐላልም ባዕድ ስም ስለተለጠፈበት ሐራም አይሆንም። ለዚህ ነው ባለሙያዋ «ቢራቢሮ» ብላ ስትሰጠኝ ያልተጽናናሁት፣ ወንድሜም «ዮጋ» ሲለው ያልተውኩት።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ላንሳ። እግርን ገጥሞ የተቀመጠ ሰው ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቆያል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ልቡን ምን ያድርገው? የዮጋ አስተማሪዎች «ሐሳብህን ባዶ አድርግ» ይላሉ፤ አንዳንዶቹም ከአጽናፈ ዓለሙ ጋር አንድ ስለ መሆን ያወራሉ። አደጋ ካለ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበት ሲከፈት ምንም አይገባም፣ ልብ ሲከፈት ግን ይገባል። ታዲያ አንዳንድ ወንድሞች መፍትሔ ያገኙ መስሏቸው «ኢስላማዊ ዮጋ» ይላሉ፤ በዚህኛው አቀማመጥ ይህን ያህል ኢስቲግፋር፣ በዚያኛው ያን ያህል ተስቢሕ እያሉ። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። የሕንዶቹ የዮጋ ድርሳን ወደ ዐረብኛና ፋርስኛ ሲመለስ ማንትራዎቹን በአላህ ስሞች አቻ የሰጡ ሱፊዎች ነበሩ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሙሐመድ ገውስ የተባሉት የጓሊዮር ሸኽ ያዘጋጁት «በሕር አል-ሐያት» የተሰኘው የፋርስኛ መጽሐፍ በዚሁ መስመር ይታወቃል።

እኔ ግን ይህን መንገድ ከወንድሜ ፍርሃት ይበልጥ እፈራዋለሁ። ምክንያቱም ወንድሜ የሚፈራው እንቅስቃሴው አምልኮ እንዳይሆን ነው፤ እነዚህ ደግሞ በገዛ እጃቸው አምልኮ ያደርጉታል! ዚክር ቆሞም፣ ተቀምጦም፣ ተጋድሞም ይባላል፤ ይህ ግልጽ ነው። አንድን ዚክር ከአንድ የእግር አገጣጠም ጋር አስሮ፣ ቁጥር መድቦ፣ ለዚያ ልዩ ፍሬ መጠበቅ ግን ማስረጃ የሌለው አዲስ ዒባዳ መፍጠር ነው። ስለዚህ እኔ በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የማደርገው በጣም ተራ ነገር ነው። ሰዓት አያለሁ። አንዳንዴ የነገ ሥራዬን አስባለሁ፤ አንዳንዴም የልጅ ልጄ ትከሻዬ ላይ ትወጣለች። ዳሌ ማፍታታት ዳሌ ማፍታታት ሆኖ ይቅር፤ ክብር የሚያገኘው ከኒያው ነው፣ ሶላቴን ያለ ሕመም ልሰግድ ካለው ምኞት።

«ታዲያ ሌላ ስፖርት ጠፍቶ ነው? ለምን አትተወውም?» የሚል ጥያቄም አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚያጠራጥርህን ትተህ ወደማያጠራጥርህ ሂድ የሚለው ምክር ነቢያዊ ነው፤ ልቡ ያልረጋ ሰው ቢተወው ምንም አይጎድልበትም። ወንድሜ ይተወው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን የራስን ጥርጣሬ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሙስሊም ሥራ «ሺርክ» ብሎ መጥራት ሌላ ነገር ነው። ሺርክ የሚለው ቃል በጉልበት መከፈት ላይ የሚወረወር ጠጠር አይደለም። አካልም በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) ነግረዋቸዋል፤ ያውም ለጾምና ለሶላት ራሳቸውን ያደከሙ ሰው ሆነው ሳለ። መቆም ላልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ላልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ ተፈቅዶለታል፤ በየመስጊዱ ወንበር ላይ የሚሰግዱ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሶላታቸው ምሉዕ ነው፣ ማንም ቀና ብሎ ሊያያቸው አይገባም። ወንበሩ ራሕመት ነው። ያ ቀን ሳይመጣ ግንባሬን መሬት ላይ የማኖርበትን ዕድሜ ለማራዘም መጣሬ ግን የሚያስነቅፈኝ አይመስለኝም።

የአንዲት ዘመዴ ልጅ በቅርቡ ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ የዮጋ ክፍል ልትመዘገብ ፈልጋ ጠየቀችኝ። ትምህርቱ የሚጀመረው እጅን ደረት ላይ አጋጥሞ ጎንበስ በማለትና «ኦም» የሚለውን ቃል በማሰማት ነው አለችኝ። «ኦም» በሂንዱዎች ዘንድ ቅዱስ ድምፅ ነው፤ ትርጉሙን ሳያውቁ ቢሉትም ከአንደበት ወጥቷል። ልብስሽን ጠብቂ፤ «ኦም» ሲባል ዝም በይ፣ እጅሽንም አታጋጥሚ፤ የፀሐይ ሰላምታው ሲደርስ ቁጭ ብለሽ እግርሽን አፍታቺ፤ ይህንንም ለአስተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን በትሕትና ንገሪያት አልኳት። አስተማሪዋ እሺ ካላለች ደግሞ ምንጣፍሽን ጠቅልለሽ ውጪ፤ እግር ገጥሞ መቀመጥ እንደሆነ እቤትም ይሠራል።